ማንም ያልበላበት ሳህን

ሐሙስ፣ ነሐሴ 1። ከቀኑ 9 ሰዓት።

አርባ ሁለት ሸሚዝ። ሠላሳ አንዱ ተተኩሷል። መብራት ስለሄደ በከሰል ካውያ ነው የምሠራው። ላቤ ኮሌታ ላይ እንዳይንጠባጠብ አንገቴ ላይ ፎጣ ጠምጥሜያለሁ። ፍልሰታ ዛሬ ገባ። በዚህ ወበቅ እስከ አሁን ውኃ እንኳ አልቀመስኩም። ይኼን ሳልኮራበት መጻፍ አቃተኝ፣ ደብተሬ። ይቅር በይኝ።

ጠዋት ሬዲዮው ተናገረ። ወረቀት የሌለው የውጭ ሰው ሁሉ በሦስት ቀን ውስጥ ይውጣ። ከዚያ በኋላ የተገኘ ይያዛል፣ ያስጠጋም ይጠየቃል። የመኖሪያ ካርዴን ከሣጥን አውጥቼ አየሁት። እስከ ጥር ይሠራል። መልሼ ከተትኩት። ትንሽ ቆይቼ ደግሞ አወጣሁት። እዚሁ ጅቡቲ ተወልጄ፣ አባቴ ዕድሜውን በባቡር ሥራ ጨርሶ፣ ባለቤቴን እዚሁ ቀብሬ፣ ዛሬም በየጊዜው ካርድ አሳዳሽ ነኝ። መተኮሻ ቤቴ በዚያች ካርድ ነው የቆመው።

ከሸሚዞቹ አሥራ ስምንቱ የዣንዳርሞች፣ የመንግሥት ፖሊሶቹ ናቸው። አለቃቸው ሮብሌ ነገ ይወስዳቸዋል። ጨዋ ሰው ነው፣ ማማ ነው የሚለኝ። ዛሬ ግን የደንብ ልብሱን ስዘረጋ በሩን ዞሬ አየሁ።

እትዬ ፀሐይ መጥተው ነበር፣ የኪዳነ ምሕረት ማኅበራችን ሙሴ፣ መሪያችን። በ16 ማኅበሩ እኔ ቤት ነው። ጽዋውንና የእንግዳውን ሳህን አስረከቡኝ። አሥራ ሁለት ሴቶች ነን፤ ሳህኑ አሥራ ሦስተኛ ነው። ጠርዙ ሰማያዊ የሆነ ነጭ የብረት ሳህን። በየወሩ ምግብ ወጥቶበት፣ ነጭ ጨርቅ ለብሶ፣ ከመካከላችን ይቀመጣል። ጌታ እንግዳ የላከ እንደሆነ ብለን። እኔ ማኅበር ከገባሁ አሥራ አንድ ዓመቴ ነው፣ እንግዳ መጥቶ አያውቅም። ሲመሽ ምግቡ ወደ ሌላ ዕቃ ተገልብጦ ልጆች ይበሉታል። በሳህኑ ላይ ማንም በልቶበት አያውቅም። ቁም ሣጥኑ አናት ላይ አስቀመጥኩት።

ቅዳሜ፣ ነሐሴ 3። ከቀኑ 8፡30።

ከተማው ተኝቷል። ሱቁ ሁሉ ዝግ። በሩ ተንኳኳ።

ዘ. ናት። ስሟን አልጽፍም። ደብተር ሰው እጅ ይገባል።

ወደብ አጠገብ፣ የእኛ የከባድ መኪና ሹፌሮች በሚጠጡበት ቡና ቤት ትሠራ ነበር። ሬዲዮው በተናገረ ዕለት ባለቤቱ ወረቀት የሌላቸውን አሰናበተ። አልጋ ያከራየቻት ሴትም አስወጣቻት። አንድ ፌስታል ይዛለች። ትስላለች። ሳሉ ከደረቷ ሥር የሚነሣ ዓይነት ነው። ይኼ ነገር እስኪበርድ መሬት ላይ እንዳስተኛት ለመነችኝ። ከበሩ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ ቆሜ ነው የሰማኋት።

ቤቴ ጠባብ ነው አልኳት። ማኅበር አለብኝ አልኳት። ቤተ ክርስቲያን ሂጂ፣ ፍልሰታ ነው፣ ግቢው ውስጥ ያስጠጉሻል አልኳት። ውኃ ጠየቀችኝ። ብርጭቆ ልሰጣት ፈራሁ፣ ሳሉ። ውጪ ካለው ቧንቧ በእጇ ጠጣች። ስትሄድ በጸሎት እናስብሻለን አልኳት። አሜን አለች።

ሁለቱንም መቀርቀሪያ ዘጋሁ።

እሑድ፣ ነሐሴ 4። ቀትር።

ከቤተ ክርስቲያን መመለሴ ነው። ዓይኔ አጥሩ ሥር ይፈልጋታል፣ የለችም። ዘበኛውን እንደ ዋዛ ጠየቅሁት። ሰሞኑን ከጸሎት በኋላ በሩ ይዘጋል፣ ሁሉም ፈርቷል አለኝ። ትናንት አንዲት የምትስል ልጅ መጥታ ነበር፣ ባቡር ጣቢያ ሂጂ ብሎ ሰደዳት። ባቡር የሚጠብቀው ሰው እዚያ ነው የሚያድረው።

መዝሙር የማወጣው እኔ ነኝ። ዛሬ ድምፄ ተዘጋ። እትዬ ፀሐይ ጾሙ ነው የጎዳት ብለው ለሴቶቹ ነገሩልኝ። አመሰገኑኝ። ዝም ብዬ ተመሰገንኩ።

ሰኞ፣ ነሐሴ 5። ከጠዋቱ 4 ሰዓት።

ጣቢያው ሄድኩ። እውነቱን ልንገርሽ፣ ላመጣት አልነበረም። ተሳፍራ ሄዳ እንደሆነ አይቼ ዕረፍት ላገኝ ነው።

አልሄደችም። አባቴ ምሳውን የሚበላበት ግድግዳ ሥር፣ በሰው ጓዝ መካከል ተቀምጣለች። ፍራሽ፣ ድስት፣ ሕፃናት፣ የታሰረ ዶሮ። ስታየኝ ተነሣች። ታላቋ ስለሆንኩ ተነሣችልኝ፣ በዚያ ሁኔታዋ።

ከጡቷ ሥር የታጠፈ ካርድ አወጣች። የጤና ጣቢያ ካርድ ነው። የሳንባ መድኃኒት ጀምራ ሦስተኛ ወሯ። በየጠዋቱ ነርሷ ፊት ነው የሚዋጠው። ዣንዳርም ስትፈራ አራት ቀን ቀረች። ባቡሩ ላይ ብትወጣ መድኃኒቱ እዚህ ይቀራል። ካልወጣችም ይይዟታል።

እንዴት እንደሆነ አላውቅም፣ ፌስታሏን ተቀበልኳት። መንገዱን ሁሉ ከፊቷ ሃያ እርምጃ ቀድሜ ሄድኩ፣ አብረን እንዳንመስል።

አሁን ጓዳ ናት፣ ከተሰቀሉት አንሶላዎች ኋላ። ምሳ ሰጠኋት። በየትኛው ሳህን እንደምሰጣት አሥር ደቂቃ ቆሜ አሰብኩ። በእኔ ሳህን እንዳትበላ ፈራሁ። ቀና ስል የእንግዳውን ሳህን አየሁ። ማንም የማይበላበት ሳህን ነው። አውርጄ ሰጠኋት።

ማክሰኞ፣ ነሐሴ 6። ከቀኑ 10 ሰዓት።

እንቅልፍ የለም። መኪና በቆመ ቁጥር ካውያውን አስቀምጣለሁ። ሁለት አንሶላ አቃጠልኩ።

ሳሉ ይሰማል። ሬዲዮውን ከፍ አደረግሁ። ከበሬ ፊት ለፊት ጫት የምትሸጠው ሐሊማ ማን ነው የሚስለው አለችኝ። እኔ ነኝ አልኩ። ስለዚህ ቀኑን ሙሉ ስስል ዋልኩ። ዘ. ከውስጥ ስትስል እኔ ከውጪ እስላለሁ። ጉሮሮዬ ቆሰለ። ሮብሌ ሸሚዝ ሊወስድ መጥቶ ሰማኝ። አዘነልኝ። ከአንድ ሰዓት በኋላ ሽሮፕ ገዝቶ ላከልኝ። ሳቄ መጣ። ከዚያ ተቀምጬ አለቀስኩ።

ረቡዕ፣ ነሐሴ 7።

ጤና ጣቢያ ሄድኩ፣ መድኃኒቷን ተቀብዬ ላመጣላት። ነርሷ እምቢ አለች። በዓይኔ ካላየሁ አልሰጥም። ወረቀት እንደማትጠይቅ ግን ነገረችኝ፣ እኔ የማየው ሳንባ ነው አለች። ሕክምናው ከተያዘ ከጥቂት ሳምንት በኋላ በሽታው ወደ ሌላ ሰው እምብዛም አይተላለፍም፣ ማቋረጡ ነው የሚያስፈራው። ግማሹን አመንኳት።

ስለዚህ መሄድ አለባት። በእግር ሃያ ደቂቃ ነው። በሁለት ቦታ ፍተሻ አለ።

ማሰብ። ማሰብ።

ሐሙስ፣ ነሐሴ 8። ከጠዋቱ 3 ሰዓት።

ሄደን መጣን።

የዣንዳርሞቹን ሸሚዝ በትልቅ ጨርቅ ቋጥሬ ጭንቅላቷ ላይ አደረግሁላት። የደንብ ልብሱ እጅጌ ከቋጠሮው እንዲታይ አድርጌ። እኔ ከፊት፣ እሷ ከኋላ፣ እንደ ሠራተኛዬ። መጀመሪያው ፍተሻ ላይ ወጣቱ እጁን ሊያነሣ ሲል የራሱን ጓዶች ልብስ አየ። እለፉ አለን። የገዛ ልብሳቸውን የተሸከመ ሰው አይጠረጥሩም።

ነርሷ ፊት ዋጠች። ቋጠሮውን እንዳለ መልሰን አመጣነው። ዓርብ ዝግ ስለሆነ የነገውን በወረቀት ጠቅልላ ሰጠቻት።

ዛሬ መጾሜን የረሳሁት የመጀመሪያ ቀን ነው። ማለቴ፣ ጾሜአለሁ። መጾሜ ግን ትዝ አላለኝም።

ቅዳሜ፣ ነሐሴ 10። ከቀኑ 8 ሰዓት።

ዛሬም አለፍን። ፍርሃቱ አልቀነሰም፤ ለምጄው እንጂ።

ዘ. ኮሌታ አተኳኮሷ ከእኔ ይሻላል። ከጫፍ ወደ መሐል ነው የምትገፋው። እናቷ የልብስ ሰፊ ቤት ሠራተኛ ነበረች አለችኝ፣ ድሬዳዋ። ባልነግራትም አንሶላ ታጥፋለች።

አንድ ነገር ልጻፍ፣ እጄ እምቢ እያለኝ። የዛሬ ሁለት ዓመት ዘ. ማኅበራችን ልትገባ ጠይቃ ነበር። እትዬ ፀሐይ እንኳ ዝም ብለው ነበር። የቡና ቤት ሴት ከጽዋችን አትጠጣም ብዬ የተነሣሁት እኔ ነኝ። ጸሐፊዋም እኔ ስለሆንኩ ውሳኔውን በገዛ እጄ ጻፍኩት። ባማረ ጽሕፈት።

ታውቃለች። ዛሬ በማንጠልጠያው መሐል ዓይን ለዓይን ስንጋጠም እንደምታውቅ አየሁ። ኮሌታውን ገልብጣ ሥራዋን ቀጠለች።

ሰኞ፣ ነሐሴ 12። ከጠዋቱ 5 ሰዓት።

እትዬ ፀሐይ ለማኅበሩ ቤቱን ሊያዩ መጡ። ድንገት። ዘ. ከአንሶላው ኋላ ትንፋሿን ያዘች፣ እኔ ስስል ቆየሁ።

ቁም ሣጥኑን ቀና ብለው አዩ። ሳህኑስ አሉኝ። ታጥቦ ነው አልኩ። ለክብሩ በነጭ ጨርቅ ሸፍኜዋለሁ ብዬ ጨመርኩበት። ውሸት ሲጀመር እንዴት እንደሚያምር።

ሰው ያስጠጋ ቤት ሱቁ እየታሸገ ነው አሉ። ከእኛ አንዷ እንዲህ ብታደርግ የሁላችንም ካርድ ይመረመራል። ልጆች አሉን፣ አስካለ፣ አሉኝ። ክፉ ሆነው አይደለም። እሳቸውም ፈርተዋል፤ ነጠላቸውን ደጋግመው ያጣፉ ነበር። ዓርብ ጓዳው ለምድጃ ይፈለጋል፣ አጽጂው ብለው ሄዱ።

ተቀመጥኩ። ሳህኑን አሰብኩት። ለምን እሱን እንደሰጠኋት አሰብኩ። ተጸይፌ ነው። ከእኛ ዕቃ እንዳትነካካ ነው። የጌታ እንግዳ ሳህን መሆኑ ያኔ በልቤ አላለፈም። ማንም የማይበላበት መሆኑ ብቻ ነው የታየኝ።

ለማን ልንገረው? ለአንቺ ብቻ።

ማክሰኞ፣ ነሐሴ 13።

ለዘ. የዓርቡን ነገርኳት። ዓርብ ለአንድ ቀን ብቻ ሌላ ቦታ ዋይ አልኳት። ሴቶቹ ይመጣሉ፣ ጓዳው ይፈለጋል፣ ሲመሽ ተመለሺ።

“እሺ፣ እትዬ አስካለ” አለች። የት ብላ አልጠየቀችኝም።

ከምሳ በኋላ ሳህኑን ታጥቦ፣ ደርቆ፣ በንጹሕ ጨርቅ ተጠቅልሎ ካውያው አጠገብ አገኘሁት። “ለማኅበሩ የሚያስፈልግዎት መስሎኝ” አለች። ከአንሶላው ኋላ ስናወራ ሰምታለች። ሁሉንም ሰምታለች።

ራቷን በእኔ ሳህን ሰጠኋት። አብረን በላን። እጄ ትንሽ ፈራ። በላሁ።

ረቡዕ፣ ነሐሴ 14። ከጠዋቱ 4 ሰዓት።

ተያዝን ብዬ ነበር።

ከጤና ጣቢያ ስንመለስ አዲስ ፍተሻ። ሮብሌ ራሱ ቆሟል። ማማ፣ ሳልሽ እንዴት ነው አለኝ። ድኛለሁ ልል አፌን ስከፍት ዘ. ከኋላዬ ሳለች። ያው ሳል። ከደረት ሥር የሚነሣው። ሮብሌ እሷን አየ። እኔን አየ። ቋጠሮውን አየ።

ከቋጠሮው አንዱን ሸሚዝ መዘዘ። የእሱ ነው። ኮሌታውን በአውራ ጣቱ ዳበሰ።

“ማማ፣ ዓርብ ጠዋት በእናንተ ሰፈር ቤት ለቤት ነን” አለኝ። “የቀሩትን ሸሚዞች ሐሙስ ጨርሺልኝ።”

አለፍን።

ምን ማለቱ ነው? ማስጠንቀቂያ ነው? የሸሚዝ ጉዳይ ብቻ ነው? ከዚያ ወዲህ መቶ ጊዜ ደጋግሜዋለሁ። አላውቅም።

አንድ ነገር ግን ገባኝ። ሰፈሩ ሁሉ ሲከበብ ዓርብ ዘ.ን ውጪ ማዋል ማለት በእጄ ማስረከብ ነው።

ሐሙስ፣ ነሐሴ 15። ከቀኑ 10 ሰዓት።

ምስር ለቀምኩ። ሽንኩርት ከተፍኩ። ዓርብ ስለሚውል ነገም ምግቡ የጾም ነው። ሸሚዞቹ አልቀዋል፣ ሰዓቱን ጠብቄ አስረከብኩ። የነገውን መድኃኒቷን ይዛለች።

ውስጥ ብትሆንም መከራ ነው። ዣንዳርሞቹ ቢገቡ አሥራ አንድ ሴቶች እኔ ቤት ተቀምጠው ያገኛሉ። ምንም ያላደረጉ። ልጆች ያሏቸው። የእኔን ድፍረት እነሱ ሊከፍሉት ነው። ድፍረት አልኩት? ድፍረት እንኳ አይደለም፣ ማስወጣት ስላቃተኝ ነው።

እትዬ ፀሐይ ደጅ ድረስ ሄድኩ፣ ልነግራቸው። ሳላንኳኳ ተመለስኩ።

በሬ ላይ ሐሊማ ጠራችኝ። አጠገቧ አስቀመጠችኝ። የመጀመሪያው ቀን ሳል የእኔ እንዳልሆነ እንዳወቀች ነገረችኝ። ያንቺን ሳል ስንት ዓመት ሰምቼዋለሁ አለችኝ፣ እየሳቀች። ለጠየቃት ሁሉ አስካለ ታማለች ስትል ሰንብታለች። ለዣንዳርሞቹም ጭምር፣ ጫት ሲገዙ። እኔ ሳልለምናት። እሷም ወረቀቷ እንደ እኔው የሚታደስ ነው።

ለምን አልኳት። ጥያቄው አልገባትም። ጎረቤት አይደለሽም ወይ አለችኝና ጫቷን በእርጥብ ጨርቅ መሸፈን ቀጠለች።

አሥራ አምስት ቀን ጾሜአለሁ፣ ደብተሬ። አስቀድሼአለሁ፣ ዘምሬአለሁ። ይቺ ሴት ምንም ሳትል ነው ያደረገችው።

ፈርቻለሁ። እንዲህ ፈርቼ አላውቅም። ባለቤቴ የሞተ ለት እንኳ።

ዓርብ፣ ነሐሴ 16። ከጠዋቱ 3፡40።

መንገዱ ላይ መኪና ቆሟል። ሁለተኛው ደግሞ ከታች በኩል። የሐሊማ ድምፅ ይሰማል፣ ከአንድ ሰው ጋር እየቀለደች ነው። ከወትሮው ይልቅ ጮክ ብላ ነው የምትስቀው።

ምድጃውን ውጪ አድርጌዋለሁ። ጓዳው ባዶ ነው። አንሶላዎቹን ሁሉ አውርጄ አጥፌአለሁ። ከኋላቸው የሚደበቅ የለም።

ሴቶቹ ከቅዳሴ ሲመጡ እያንዳንዳቸውን በሩ ላይ እነግራቸዋለሁ፣ ከመግባታቸው በፊት። የፈራች ትመለስ። አልቀየማትም። እኔም ሁለት መቀርቀሪያ የዘጋሁ ነኝ።

አሥራ ሦስት ሳህን ዘርግቻለሁ። በሰማያዊ ጠርዙ ላይ ነጩን ጨርቅ አላለበስኩም። ልጅቷ ከፊቱ ተቀምጣለች፣ ሁለተኛውን ነጠላዬን ለብሳ። እዚህ አይገባኝም አለች። ለመነሣት ሦስት ጊዜ ሞከረች።

የማኅበሩን መዝገብ አወጣሁ። የዛሬ ሁለት ዓመት የጻፍኩትን ውሳኔ አገኘሁት። ፊቷ አነበብኩላት፣ በድምፄ። ይቅር በይኝ አልኳት። ጎንበስ ብላ ጉልበቴን ልትይዝ ስትል እኔ ቀደምኳት። ከዚያ በአሥራ ሁለቱ ስሞች ሥር ስሟን ጻፍኩ። ሴቶቹ ቢሰርዙት ይሰርዙት፤ እጄ ግን ጽፎታል። እዚህም እጽፈዋለሁ፣ ደብተር ሰው እጅ ቢገባም። ዘነበች። ዘነበች ትባላለች።

በሩ ተንኳኳ። ለቅዳሴ መውጫ ገና ነው መሰለኝ፣ ወይስ ሰዓቴ ነው የዘገየው። የሐሊማ ሳቅ ቆሟል።

ዘነበች ተነሣች። ተቀመጪ አልኳት፣ ምግብሽ ይቀዘቅዛል።

እኔ ነኝ የምከፍተው። ሁለቱንም መቀርቀሪያ ልከፍት እሄዳለሁ።